«ባረቀበት» የሚለው ቃል ማንን ይሸፍናል?



ዛሬ ስለ ሦስት አነጋገሮች እንጽፋለን። «ባረቀበት»፣ «ተባራሪ ጥይት ነው» እና «እርምጃ ተወሰደበት»። ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማናቸው ስላደግን ጆሯችን ለምዷቸዋል። ግን አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ተመልከቷቸው። በመጀመሪያው ውስጥ ገዳዩ መሣሪያው ነው፤ ክላሹ እንደ ሰማይ መብረቅ በራሱ ባረቀ። በሁለተኛው ጥይቱ እንደ ወፍ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በሮ መጣ። በሦስተኛው እርምጃ አለ፣ የተራመደው ሰው ግን የለም። ሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች ሟች አላቸው፤ ተኳሽ የላቸውም።

እኛ የምንኖረው ዱከም ነው። ኢማማችንን እናግዛለን፣ ልጆች እናስቀራለን፣ ጀናዛ ሲመጣ እናጥባለን፣ እንከፍናለን። ዱከም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአዳማ አሮጌው መንገድ ላይ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ወጣቶች ከመግሪብ በኋላ ወጥተው ከሱብሒ በኋላ ይመለሳሉ። በየባንኩ በር፣ በየኬላው፣ በየመናኸሪያው ክላሽ ያነገተ ሰው አለ። አብዛኛው በሥነ ሥርዓት የሚሠራ፣ ከእኛው ቤት የወጣ የእኛው ልጅ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ፖሊስን ለመስደብ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ይሂድ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአካባቢያችን ካሉት ከተሞች በአንዱ የአንድ ወጣት ጀናዛ ላይ ተገኝተን ነበር። ማታ ከሥራ ሲመለስ ተመቶ ነው። ለቤተሰቡ የተነገራቸው «ተባራሪ ነው» የሚል ብቻ ነው። ጓደኞቹ ከበቡንና «ኡስታዝ፣ ይታጠባል ወይስ ሸሂድ ስለሆነ በደሙ ይቀበራል?» ብለው ጠየቁን። የሚገባ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በኪታቦቻችን አለ። ሳይታጠብ የሚቀበረው በጦር ሜዳ የወደቀ ሸሂድ ነው። በግፍ የተገደለ ሰው አላህ ዘንድ የሸሂድ አጅር ቢኖረውም በዱንያ ፍርድ ይታጠባል፣ ይሰገድበታል። ዑመር (ረ.ዐ) በመስጂድ ውስጥ በሱብሒ ሶላት ላይ ተወግተው ሞቱ፤ ታጥበዋል፣ ተሰግዶባቸዋልም። መልሱን ሰጠን፣ ልጁም ታጠበ፣ ከዐስር በፊት ተቀበረ። በዚያ ሁሉ መሐል ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ «ይሄ ሞት የት ይጻፋል?» የሚለው ነው።

ይህን የምንለው ለነገሩ አይደለም። በአሮጌው መንገድ ላይ መኪና ሰው ሲገጭ ይጻፋል። የትራፊክ ፖሊስ ይመጣል፣ በሜትር ይለካል፣ ንድፍ ይስላል፣ የሾፌሩን ስምና የመኪናውን ታርጋ ይይዛል። ከዚያ በሬዲዮ ስንት ሰው እንደሞተ፣ ስንት ከባድና ቀላል ጉዳት እንደደረሰ እንሰማለን፤ በዓመቱ መጨረሻ ተደምሮ ካለፈው ዓመት ጋር ይነጻጸራል። በዚያ ቁጥር ምክንያት ነው እዚህ ጋ ማቋረጫ ይሠራ፣ እዚያ ጋ የፍጥነት መቀነሻ ይደረግ የሚባለው። በፖሊስ ጥይት ስለሞተ ወይም ስለቆሰለ ሰው ግን በየዓመቱ ተደምሮ ለሕዝብ የሚወጣ እንዲህ ያለ ዝርዝር በአገራችን የለም። መኪና ቁጥር አለው፤ ጥይት ቁጥር የለውም።

ቁጥር የሚመጣው ትልቅ ነገር ሲፈጠር ብቻ ነው፤ ያኔም ቁጥሩ ራሱ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተኩስ ነበር። ምክር ቤቱ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ሲቆጥር 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞተው አገኘ፤ ከዚያ በፊት በይፋ ሲነገር ከነበረው ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነው። ከኮሚሽኑ አባላት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነበር የሚለው የአባላቱ አብላጫ ድምፅ እንዲቀየር ጫና ተደረገብን ብለው ከአገር ወጡ። ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት ደግሞ እርምጃው ተመጣጣኝ ነበር አለ። ልብ በሉ፣ የተጣሉት በፍርዱ ላይ እንጂ በቁጥሩ ላይ አይደለም። አንድ ጊዜ በሥርዓት የተቆጠረን ሬሳ መልሶ ማጥፋት ይከብዳል።

መስከረም 22 ቀን 2009 በጎረቤታችን ቢሾፍቱ፣ በኢሬቻ በዓል ላይ የሆነውን የዱከም ሰው ማስታወሻ አያስፈልገውም። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ሕዝቡ ተጨናነቀ፣ ብዙዎች ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው ቀሩ። መንግሥት በመጀመሪያ 52፣ ከዚያ 55 ሞቱ አለ፤ ተቃዋሚዎች በመቶዎች ቆጠሩ። በሁለቱ ቁጥሮች መሐል ያሉት ሰዎች እስከ ዛሬ አንዴ ሞተው አንዴ ይነሳሉ። ቤተሰባቸው ግን ማን እንደቀረ ያውቃል።

በሰኔ 2012 መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ በተነሳው ሁከት ላይ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያወጣው ሪፖርት ግን የተለየ ነው። 123 ሰዎች መሞታቸውን ከመዘገበ በኋላ በማን እጅ እንደሞቱም ለየ፤ 76ቱ በጸጥታ ኃይሎች እርምጃ ሕይወታቸው ያለፈ መሆናቸውን ጻፈ። እንዲህ መለየት እንደሚቻል ያን ጊዜ ታየ።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሸገር በሚባለው አዲስ ከተማ ሥር በገቡበት በ2015 ደግሞ በርካታ መስጂዶች ፈረሱ። ያንን የተቃወመ ጀመዓ ግንቦት 18 ቀን 2015 ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በታላቁ አንዋር መስጂድ ድምፁን ሲያሰማ ተኩስ ተከፈተ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ጁሙዓ፣ ግንቦት 25፣ ዳግም የሰው ሕይወት ጠፋ። አላህ ይዘንላቸው። መግለጫዎች ወጡ፣ ቁጥር ተነገረ። ግን መግለጫ የሚነግረን ስንት ሰው እንደወደቀ ነው። የትኛው መሣሪያ፣ በማን እጅ፣ ከስንት ሜትር፣ በማን ትእዛዝ የሚለው በመግለጫ አይመጣም። እሱ የሚመጣው ከመዝገብ ነው።

እነዚህ ትልልቆቹ ናቸው። ብቻውን በኬላ የወደቀው፣ ቤቷ ቆርቆሮ አልፎ የመጣ ጥይት ያገኛት፣ ጣቢያ ውስጥ መሣሪያ ሲወለወል የቆሰለው ፖሊስ ራሱ፣ እነዚህን የሚደምር ማንም የለም። ተራ በተራ ስለሚሞቱ ብዙ አይመስሉም።

አሁን ስለ መሣሪያው ትንሽ እናውራ፤ ምክንያቱም «ባረቀ» የሚለው ቃል የሚኖረው መሣሪያውን ስለማናውቀው ነው።

ክላሽ የጦር ሜዳ መሣሪያ ነው። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሴኮንድ 700 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከድምፅ በእጥፍ ይፈጥናል። በቅርብ የተመታ ሰው ተኩሱን ሳይሰማ ነው የሚመታው። የጭቃና የቆርቆሮ ግድግዳ አያቆመውም፣ እኛ ደግሞ የምንኖረው በጭቃና በቆርቆሮ ቤት ነው። «ወደ ላይ ነው የተኮስኩት» ማለትም ብዙ አያጽናናም፤ ወደ ላይ የወጣ ጥይት የሆነ ሰው ሰፈር ይወርዳል።

በቀኝ ጎኑ ያለው መቆለፊያ ሦስት ቦታ አለው። ላይ ሲሆን ይቆልፋል። ወደ ታች ሲገፋ መጀመሪያ የሚያገኘው ነጠላ ተኩስ አይደለም፣ አውቶማቲክ ነው፤ ነጠላው ከሁሉም በታች ነው። ለወታደር ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው። አሁን በግርግር መሐል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ መቆለፊያውን እስከ ግማሽ የገፋ ወጣት ፖሊስ አስቡ። አንዲት ጥይት ለማስፈራራት ሲል ስንት እንደምትወጣ እሱም አያውቀውም። ሌላም አለ። ካዝናውን የነቀለ ሰው መሣሪያው ባዶ የሆነ ይመስለዋል። ቀድሞ ከተቀባበለ ግን አንድ ጥይት ውስጥ ቀርታለች። በዓለም ላይ «ባዶ ነው ብዬ ነበር» ተብሎ የተገደለው ሰው ብዛቱ አላህ ይወቀው። ለዚህ ነው መሣሪያ የሚያስተምሩ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚሉት፦ መሣሪያ ሁሉ እንደጎረሰ ይቆጠር፤ አፈሙዝ ልትመታው ወደማትፈልገው ነገር አይዙር፤ ለመተኮስ እስክትወስን ጣት ከቃታ ይራቅ፤ ከምትመታው ኋላ ምን እንዳለ እወቅ። ከእነዚህ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ካልተጣሱ በቀር ባርቆ ሰው የሚገድል መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። አንድ ሰው ቀስት ይዞ በመስጂድ ውስጥ ሲያልፍ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዙት፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሌላ ዘገባ ገበያም ተጠቅሷል፤ ማለትም ሰው የሚበዛበት ቦታ ሁሉ። በወንድም ላይ መሣሪያ ማመላከትን ከለከሉ፣ ምክንያቱንም ገለጹ፤ ሰይጣን እጁን ሊስበው ይችላል። ከሰገባው የወጣ ሰይፍ ማቀባበልንም ከልክለዋል። ለአፈሙዝ ጥንቃቄ ከዚህ በላይ ግልጽ መመሪያ ከየት ይመጣል? ልብ በሉ፣ ቀስት የያዘው ሰው ክፉ ሐሳብ ነበረው አልተባለም። ጥንቃቄ የሚጠየቀው ከጥሩ ሰው ነው።

ሕጉም «ባረቀ»ን ምክንያት አያደርገውም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እ.ኤ.አ. በሀቫና ያጸደቃቸው የሕግ አስከባሪዎች የኃይልና የመሣሪያ አጠቃቀም መርሆዎች ደግሞ መሣሪያና ጥይት ሲወጣና ሲመለስ ማን እንደወሰደ ተጠያቂ የሚሆንበት አሠራር፣ እንዲሁም መሣሪያ በተተኮሰ ቁጥር ሪፖርት የሚደረግበት ሥርዓት እንዲኖር ይጠይቃሉ። ጎረቤታችን ኬንያ ይህን በፖሊስ ሕጓ አስገብታዋለች፤ ፖሊስ ከተኮሰ ማንም ባይጎዳ እንኳ ለአለቃው ማሳወቅ አለበት። ከፖሊስ ውጭ የሆነ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም አላት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በፖሊስ እርምጃ የሞተ ሰው ሁሉ ለገለልተኛ መርማሪ አካል ወዲያው ይነገራል፣ ቁጥሩም በየክፍለ ሀገሩ ተለይቶ በየዓመቱ ይታተማል። በሁለቱም አገር ፖሊስ መግደሉን አቁሟል አላልንም። የሚገድለውን ያህል ግን ያውቁታል።

ሀብት ብቻውን መዝገብ አያመጣም። አሜሪካ ፖሊሶቿ በዓመት ስንት ሰው ተኩሰው እንደሚገድሉ መንግሥቷ በወጉ አያውቅም ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ፈርጉሰን በተባለች ከተማ አንድ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ከተገደለ በኋላ ነው ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ከ2015 ጀምሮ አንድ በአንድ መቁጠር የያዘው። በዓመት ወደ 1000 የሚጠጋ ሆኖ አገኘው። የአገሪቱ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የራሱን መሰብሰቢያ በ2019 ሲጀምር እንኳ የፖሊስ ጣቢያዎች ተሳትፎ በፈቃደኝነት ነበር። ቆጠራው የተጀመረው ከውጭ፣ የአካባቢ ዜናና የሞት ዜና በመልቀም ነው።

እዚህ ላይ በሲራ የምናውቀውን አንድ ታሪክ እናንሳ። መካ በተከፈተችበት ዓመት ኻሊድ ኢብኑ ወሊድ (ረ.ዐ) ወደ በኒ ጀዚማ ተልኮ ነበር። ሰዎቹ መስለማቸውን በትክክለኛው ቃል አልገለጹትም፣ ኻሊድም አልተቀበላቸውም፤ ገደለ፣ ማረከ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ምርኮኛውን አልገድልም አለ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርስ እጃቸውን አንስተው ከኻሊድ ሥራ ንጹሕ መሆናቸውን ለአላህ ሁለት ጊዜ ተናገሩ፤ ይህ በቡኻሪ ነው። ኢብኑ ኢስሐቅ ቀጥሎ የዘገበው ግን ለዛሬው ነገራችን የበለጠ ይነካናል። ዐሊን (ረ.ዐ) ገንዘብ አስይዘው ላኩት። ዐሊ የእያንዳንዱን ደም ካሣ ከፈለ፣ የጠፋውን ንብረት ሁሉ ከፈለ፣ ውሻ የሚጠጣበትን ዕቃ እንኳ አልተወም። ከዚያ ያልተከፈለ ደም ወይም ንብረት ቀርቶ እንደሆነ ጠየቃቸው። አልቀረም ሲሉት የተረፈውን ገንዘብ፣ ሳይታወቅ ለቀረ ነገር ይሁን ብሎ ሰጣቸው።

የገደለው የራስ ጦር አዛዥ ነው፤ ኋላም ትልቅ ጀግና ነው። «ጦርነት ነው፣ ይሳሳታል» ተብሎ አልታለፈም፣ ቆጣሪ ተላከ። ዐሊ የቆጠረው ደግሞ ከአዛዡ ሪፖርት ተነስቶ አይደለም፤ ከተጎጂዎቹ ዘንድ ሄዶ እየጠየቀ ነው። የውሻው ዕቃ ከአዛዥ ሪፖርት ውስጥ መቼም አይገኝም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እሱ ነው።

ጀናዛን ማፋጠን ሱና ነው። ሰው በጥይት ሲሞት ግን ማስረጃው ያለው እዚያው ገላ ላይ ነው። የጥይቱ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ፣ መውጫው ሰፋ ያለ ነው። ፊት ለፊት ወይስ ከጀርባ፣ ቆሞ ወይስ ወድቆ ተመታ የሚለውን ሐኪም ከዚያ ያነበዋል። የዚያ ወጣት አባት ሬሳው ለምርመራ አዲስ አበባ ይሂድ ሲባሉ «ኡስታዝ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ልጄን በቢላ አታስነኩብኝ» አሉ። የሟችን አጥንት መስበር የሕያውን አጥንት እንደመስበር ነው የሚለውን ሐዲስ ያውቃሉ፤ ሐቅ አላቸው። ሆኖም በመካ የሚገኘው የፊቅህ ምክር ቤት በ1987 እ.ኤ.አ. ባደረገው ዐሥረኛ ጉባኤ፣ የወንጀል ሞትን ምክንያት ለማወቅ ሐኪም አስከሬን ቢመረምር፣ ከአስፈላጊው በላይ እስካልሄደና የሟች ክብር እስከተጠበቀ ድረስ እንደሚፈቀድ ወስኗል። የሟች ክብር አንዱ ክፍል ደሙ ከንቱ አለመቅረቱ ነው። አንድ ቀን የዘገየ ጀናዛ ሱናውን አልጣለም፣ ሐቅን አስቀደመ እንጂ። ወሏሁ አዕለም።

አጣቢዎች የሆናችሁ ወንድሞች፣ ሌላ ጉዳይ አለ። አጣቢ ያየውን ነውር እንዲሸፍን ታዟል፤ ብዙዎቻችን በዚህ ምክንያት ቁስልንም አንናገርም። ቁስል ግን ነውር አይደለም። በግፍ የተወጋ ሰው ገላ ላይ ያለ ቀዳዳ የሟቹ ሐቅ ነው፣ ሐቅን መደበቅ ደግሞ ምስክርነትን መደበቅ ነው። ከመታጠቡ በፊት ቤተሰብ ፈቅዶ፣ ዐውራ ተሸፍኖ፣ ቁስሉ ያለበት ቦታና ቁጥሩ በሁለት ታማኝ ሰዎች ፊት ይጻፍ። የሟች ስም እስከ አያት፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ማን እንዳመጣው፣ ምን ተብሎ እንደተነገረ። «ተባራሪ» ከተባለ «ተባራሪ ተባለ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ እንደ ሞት ምክንያት አይጻፍ። እያንዳንዱ መስጂድ የጀናዛ ደብተር ቢኖረውና በዓመት አንድ ጊዜ ቢደመር በአንድ ከተማ ያለውን ለማወቅ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። የሰፈሩ ዕድርም መዝገብ አለው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በዕድራቸው ይህንኑ ቢያደርጉ የጋራችን ይሆናል፤ ጥይቱ ሃይማኖት አይጠይቅም።

የለበሰውን ልብስ አትጠቡት፣ አታቃጥሉት። በጥላ አድርቃችሁ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ቀለህ መሬት ላይ ካያችሁ አታንሱት፤ ካለበት ቦታ ጋር ፎቶ አንሱት፣ ለመርማሪ አሳዩ። የቆሰለ ሰው ካለ የራጁን ፊልም ቅጂ ከሆስፒታል ጠይቁ።

ጥያቄም አለ። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 ማንኛውም ዜጋ ከመንግሥት አካል መረጃ በጽሑፍ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። እምቢ ከተባለ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚወስድ መንገድም አለ። «ማን ገደለ?» ብሎ መጀመር በር ያስዘጋል፣ ሰውም ያስፈራል። የግምጃ ቤት ጥያቄ ይሻላል። እኛ ከጀመዓው ወጣቶች ጋር ሆነን ያረቀቅነው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ሦስት ጥያቄ አለው። ባለፈው ዓመት ለከተማው ፖሊስ ስንት ጥይት ወጪ ሆነ? ስንቱ ተመለሰ? ያልተመለሰው የት ተተኮሰ?